የልብስ ሰፊዋ የጠዋት ኪኒን

ልብስ ሰፊዋ ሳሏን በስፌት መኪናዋ ድምፅ መሸፈን የጀመረችው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ራሷም በደንብ አታስታውሰውም። ሳሉ ደረቷን ቧጠጥ ሲያደርጋት ጎንበስ ትልና መርገጫውን በኃይል ትረግጠዋለች። መኪናው ሲንጣጣ አፏን በቁራጭ ጨርቅ አፍና ትስላለች፤ ሲያልፍላት ቀስ አድርጋ ታቆመዋለች። ባሏ አልጋው ላይ እንደተኛ «ዛሬስ ሥራ በዝቶብሻል» ይላታል። «በዝቷል» ትለዋለች። አማቷ ከወዲያኛው ክፍል ሆነው «ይቺ ልጅ እግሯን አይደክማትም» ይላሉ። እንዲህ እየተባለ ወራት አለፉ።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ሕንፃው የሊፍት ቦታ አለው፤ ሊፍቱ ግን መጥቶ አያውቅም፤ ጎረቤቶች ጉድጓዱን የተሰበረ ወንበርና አሮጌ በርሜል ማከማቻ አድርገውታል። ባሏ ግንበኛ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ ስሙን ትተው «ቱምቢ» ይሉታል፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለኩባት በገመድ የምትንጠለጠል ብረት ከኪሱ ስለማትጠፋ፣ ደግሞም ሰው ፎቶ ሲነሳ እንኳ «ትንሽ ወደ ግራ ተንጋደሃል» ሳይል ስለማያልፍ። ፊት ለፊታቸው ይሠራ ከነበረው ሕንፃ ላይ የቆመበት እንጨት ከዳውና ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ከወገቡ በታች ያለው ግን አልታዘዝ አለ። ከሆስፒታል የወጣ ቀን ጓደኞቹ በወንበር ተሸክመው እየተንገዳገዱ እቤቱ አደረሱት። ላባቸውን ጠራርገው፣ ሻይ ጠጥተው፣ «እንመጣለን» ብለው ወረዱ። እሱ ከዚያ ወዲህ ደረጃውን በዓይኑ አላየውም።

እሷም ብዙ አላየችውም። ድሮ ገበያ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበረቻት፤ በሩ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች ከአላፊ አግዳሚው ጋር ስትጨዋወት ነበር የምትውለው። እሱ ሲወድቅ ሱቁን ለቀቀች፣ መኪናዋን አሸክማ እላይ አወጣች፣ በአልጋውና በመስኮቱ መካከል አስቀመጠችው። ደንበኛ ጨርቁን ይልክላታል፣ ሰፍታ ትመልሳለች። በየመሃሉ ባሏን ታገላብጣለች፣ የሽንት ከረጢቱን ትደፋለች፣ ጀርባውን ታጥባለች። ዳቦ ልትገዛ ስትወርድም ሩጫ ነው፣ ስትመለስም ሩጫ ነው። አማቷ «ላግዝሽ» ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደውና ሊያግዙ የመጡት ታጋዥ ሆኑ። የባሏ ታላቅ እህት ደግሞ ከከተማው ሌላ ጫፍ እሁድ እሁድ ትመጣለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ ስትነሳ «ወንድሜን አደራ» ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ያችን «አደራ» የምትባል ቃል በሰማች ቁጥር በሩ በውጭ በኩል የተቆለፈ ይመስላታል።

መስኮቱ ተዘግቶ ነው የሚውለው። ወፍራሙን መጋረጃ የሰፋችውም እሷ ናት። ቱምቢ የወደቀበትን ሕንፃ ማየት አይፈልግም። ሕንፃው አልቋል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ ሰው ገብቶበታል፣ በረንዳው ላይ የሕፃን ልብስ ይሰጣበታል። ስለዚህ እነሱ ቤት በቀትርም መብራት ይበራል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጤና ጣቢያዋ ነርስ በሩን አንኳኳች። ሥራዋ ቤት ለቤት ነው፤ በየቤቱ ምን ችግር እንዳለ ታያለች፣ ከየትኛው መጀመር እንደሚሻል ከቤተሰቡ ጋር ትመክራለች። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «መቼም ይህን ደረጃ በየቀኑ የሚወርድ ሰው አይታመምም» ብላ ገባች። ከዚያ አልጋውን አየች።

«ይቅርታ» አለች ዝግ ብላ።

«ምንም አይደል» አለ ቱምቢ። «እኔ ካልወረድኩ ቆይቻለሁ። ለካ የጎዳኝ እሱ ነው።»

ነርሷ ወዲያው «ምን ያማችኋል» አላለችም። ውሃው የት እንደሚቀመጥ፣ ምግቡ የት እንደሚበስል፣ ማን ማን አጠገብ እንደሚተኛ ዞር ዞር ብላ ተመለከተች። ልብስ ሰፊዋ ፍራሽ አንጥፋ የምትተኛው ከባሏ አልጋ ሥር መሆኑን ጠይቃ አወቀች። የአማትየዋን የደም ግፊት ለካች። ከዚያ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና፣ «እስቲ በዚህ ቤት ከሁሉ በላይ የሚያስቸግራችሁን አንድ አንድ ነገር ንገሩኝ» አለች።

አማትየዋ ቀደሙ። «እኔ ዓይኔ ነው፣ ልጄ። የምራቴን መልክ ከረሳሁት ቆየሁ። ማኩረፏን የማውቀው በድስቱ መንኳኳት ነው።»

«ጋሼስ?»

«ደረጃው» አለ ቱምቢ።

ነርሷ ቀና ብላ አየችው። እየቀለደ አልነበረም።

«አንቺስ፣ እህቴ?»

«የጀርባው ቁስል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ይደርቃል ስል ደግሞ ያመረቅዛል።»

«እሱ የእሳቸው ነው። ያንቺን ነው የጠየቅሁሽ።»

«እኔ ደህና ነኝ።»

ቁስሉን ለማየት ሁለቱ ሴቶች ተጋግዘው ቱምቢን ወደ ጎን አዞሩት። ሲያዞሩት ልብስ ሰፊዋ ደረቷ ውስጥ የተነሳባትን አወቀችው። ትራሱን ለነርሷ አስጨብጣ ወደ መኪናዋ ሄደች፣ ተቀመጠች፣ መርገጫውን ረገጠች። መኪናው መንጣጣት ጀመረ። ነርሷ ቁስሉን እየጠረገች ዞር ብላ ስታይ መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም።

መኪናው እስኪቆም ጠበቀች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት።

«ምኑ?»

«ሳሉ።»

«ብርድ ነው። መጥቶ ይሄዳል።»

«የምን ሳል?» አሉ አማትየዋ።

ነርሷ እጇን ታጥባ መጣችና የልብስ ሰፊዋን ቀሚስ በጎኑ በኩል ያዝ አደረገችው። ስፌቱ ላይ ስፌት ተደርቦበታል። «ይህን ማን አጠበበው?»

«እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን አለ። ሰፋኝ።»

«ሌሊት ያልብሻል?»

«ሌሊት ይህን የሚያህል ሰው እያገላበጥኩ እንዴት አያልበኝ?»

ቱምቢ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ ያዳምጥ ነበር። ሥራ የበዛባት የመሰሉት ቀኖች ሁሉ ምን እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባው።

ነርሷ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ዕቃዎች አውጥታ ሰጠቻት፤ ጠዋት ስትነሳ ምራቅ ሳይሆን ከደረቷ የሚወጣውን አክታ እንድትይዝባቸው ነገረቻት። ከዚያ ሦስቱንም እየተመለከተች፣ «የነገራችሁኝ ሁሉ ችግር ነው» አለች። «ግን ሁሉን በአንድ ጊዜ አናነሳውም። አንዱ ችግር ከሰው ወደ ሰው ከተላለፈ፣ ችላ ሲባል ከገደለ፣ ደግሞ በመድኃኒት ከዳነ፣ እሱን ነው የምናስቀድመው። እናንተ ስሙን ባትጠሩትም ሳሉ አንደኛ ነው። ቀጥሎ የጋሼ ቁስል። ከዚያ የእናታችን ዓይን፤ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፣ ቀጠሮ እጠይቃለሁ። ደረጃው…»

«መጨረሻ» አለ ቱምቢ።

«መጨረሻ ማለት ተረሳ ማለት አይደለም።»

«ጓደኞቼም ‹እንመጣለን› ብለውኝ ነበር።»

ነርሷ ተነስታ መጋረጃውን ገለጠች። «መስኮቱ ከዛሬ ጀምሮ ተከፍቶ ይዋል።»

«አይሆንም።»

«ጋሼ፣ የጠረጠርኩት በሽታ ከሆነ የተዘጋ ቤት ነው የሚወደው። እርስዎም እናትዎም የምትተነፍሱት ይህንኑ አየር ነው።»

«ዝጊው አልኩሽ እኮ።»

ልብስ ሰፊዋ በሁለቱ መሃል ቆማ ቀረች። እጇ ወደ መጋረጃው ሄዶ ተመለሰ። ነርሷ መስኮቱን ስትገፋው አቧራ አራግፎ ተከፈተ፣ የመንገዱ ጫጫታ ሁሉ ዘው ብሎ ገባ። ቱምቢ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ቀን ምሳውን እምቢ አለ። መስኮቱ ግን አልተዘጋም። ከሰነበተ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «የላይኛው በረንዳ ተንጋዷል» አለ። «እኔ ብኖር እንዲህ ተደርጎ አይለሰንም ነበር።» ልብስ ሰፊዋ ጀርባዋን ሰጥታው ስለነበር ፈገግ ማለቷን አላየባትም።

የአክታው ውጤት መጣ። የሳንባ ነቀርሳ ነው። አማትየዋና ቱምቢም ተመረመሩ፤ አልተያዙም። ነርሷ ውጤቱን ይዛ ራሷ ወጥታ ነገረቻቸው። «መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ወር በየቀኑ ጠዋት ጤና ጣቢያ መጥተሽ እኔ ፊት ትውጫለሽ።»

«በየቀኑ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እሱንስ ማን ያየዋል?»

«ኪኒን እቤት አይዋጥም እንዴ?» አለ ቱምቢ።

«ብዙ ሰው ሲሻለው ያቋርጠዋል፣ ሲያቋርጠው በሽታው ይጠነክርበታል። ለዚህ ነው።»

አማትየዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትሂድ። እኔ የጠፋብኝ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ከተጣራ እሰማዋለሁ።»

በመጀመሪያው ጠዋት አፏን በጭንብል ሸፍና ስትወርድ እግሯ ከልማዱ የተነሳ ሊሮጥ ፈለገ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመችና ያዘችው። ሐኪም ያዘዘው መንገድ ነው፤ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት እየሮጠ መዋጥ የለበትም። ውጭው ሌላ ሆኖ ጠበቃት። ጥግ ላይ የነበረው ፀጉር ቤት ተዘግቶ ጎማ መጠገኛ ሆኗል። ተማሪዎች ቦርሳቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ። አንዲት ሴትዮ የለበሰችው ቀሚስ በጣም ስላማራት ስፌቱን ለማየት ትንሽ ተከተለቻት።

ጤና ጣቢያው ጓሮ ክፍት መጠለያ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፤ ኪኒን የሚውጡት ሁሉ እዚያ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። አጠገቧ የሚቀመጡት ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። መድኃኒቱ ሽንት እንደሚያቀላ ነርሷ ነግራቸው ነበር። «እኔ እኮ» አሉ ሾፌሩ አንድ ጠዋት፣ «ዕድሜ ልኬን ቀይ መብራት ጥሼ ተቀጥቼ አላውቅም፤ ይኸው ዛሬ ሽንት ቤት ድረስ ተከትሎ መጣብኝ።» ወንበሩ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ጭንብሏ ውስጥ ስትስቅ ሳሉ መጣና ቀላቀለው፤ እዚያ ግን የሚያፍርበት ሰው የለም፣ ሁሉም ይስላል።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ገላዋ የቀለላት መሰላት። ከኪኒኑ አይደለም፣ ኪኒኑ ገና ሆዷን ነው የሚያገላብጠው። ማታ ፍራሿ ላይ ሆና ነገሩን ስታስበው አፈረች። ሰው ታሞ ደስ ይለዋል? ጠዋቱን ግን ናፈቀችው።

ቱምቢ መውጣት መግባቷን መከታተል ጀመረ። «ኪኒን ለመዋጥ ይህን ያህል?» ይላታል። «ወረፋ ነው» ትላለች፣ ወረፋው ግን አጭር ነበር። የምትዘገየው በገበያው በኩል ዞራ ነው። የድሮ ሱቋ ውስጥ ስልክ ጠጋኝ ገብቶበታል። አንድ ቀን ዝናብ ያዛትና በረንዳው ላይ ተጠለለች፤ ስልክ ጠጋኙ ወንበር አወጣላት። የድሮ ደንበኞቿ እያለፉ ሲያዩዋት «አንቺ አለሽ?» አሏት። ዝናቡ አባርቶ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ መንገዱ መድረቅ እስኪጀምር ተቀመጠች።

ቤት ስትገባ ሽታው ነው የተቀበላት። የሽንት ከረጢቱ ሞልቶ ነበር። አማትየዋ በዳበሳ ሊደፉት ሲሉ ቱቦውን ስበው አላቅቀውታል። ፍራሹ ርሷል። ወለሉ ላይ ተንበርክከው በራሳቸው ሻርፕ ያብሱ ነበር፤ «የቱ ጋ እንደደረቀ አላውቅም እኮ፣ ልጄ» እያሉ። ቱምቢ ጣሪያውን ያያል። ቢቆጣት በተሻላት ነበር። አልተቆጣም፤ ስታነሳው፣ ስታጥበው፣ አንሶላውን ስትቀይር አንድ ቃል አልተነፈሰም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ደርሳ፣ ኪኒኗን ውጣ፣ ከሾፌሩ ጋር ሰላምታ እንኳ ሳትለዋወጥ በቀጥታ ተመለሰች። በማግስቱም እንደዚያው።

ሁለቱ ወር ሲያልቅ አክታዋ እንደገና ተመረመረ። ነርሷ በሩ ላይ ጠበቀቻት፤ ፊቷ በርቷል። «እንኳን ደስ ያለሽ። ነጽተሻል። የቀረውን እቤትሽ ትጨርሺዋለሽ፤ ኪኒንሽን የምትወስጂው በወር አንዴ ነው። በየቀኑ መምጣት ቀረልሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ኪኒኑን ተቀብላ በእጇ ታገላብጠው ጀመር።

«አልሰማሽኝም?»

«ሰምቻለሁ።» «ብመጣስ?» አለች። «በየቀኑ ብመጣ ችግር አለው?»

«እረሳዋለሁ ብለሽ ነው? ሰዓቱን እማማ ያስታውሱሻል።»

«አልረሳም» አለች። አግዳሚ ወንበሩን ዞር ብላ አየችው፤ እሷ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አዲስ በሽተኛ ተቀምጧል።

እቤት ወሬው ምሥራች ሆነ። እሁድ የመጣችው የባሏ እህት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቱምቢ «እንግዲህ ከዚህ በኋላ እቤትሽ ነሽ» አለ፣ በደስታ ነው ያለው። ልብስ ሰፊዋ «አዎ» ብላ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ክር መርፌ ውስጥ አልገባ አላት፤ ጫፉን ምራቅ አስነክታ ደግማ ሞከረች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ክብደቷ ጨመረ፣ ቀሚሷን መልሳ አሰፋችው፣ ሳሉ ጠፋ። የምትናገረው ግን እያነሰ ሄደ። ደረጃውን ስትወርድ ድሮ እንደምትሮጠው መሮጥ ጀመረች።

በመሃሉ የአማትየዋ ቀጠሮ ደረሰና የአንድ ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈ። ፋሻው የተነሳ ቀን እቤት ገብተው የምራታቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «አርጅተሻል» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ብለው ይከታተሏት ነበር፤ ስትሠራ፣ ስታቆም፣ መስኮቱ ጋ ቆማ ስትቀር።

ነርሷ ለክትትል ስትመጣ ነገሮች ሁሉ መልካም መሰሉ። ቁስሉ ጠግጓል። መስኮቱ ክፍት ነው። ልብስ ሰፊዋ አትስልም። ነርሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ «እንግዲህ ደረጃው ቀረን» አለች። ከምድር ቤት ክፍል ጋር እንዲቀያየሩ ሕንፃውን ለሚያስተዳድረው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ጽፋ ነበር፤ መልስ አልመጣም።

«ሲስተር፣ ያኔ አንድ አንድ ነገር ብለሽ ጠይቀሽን ነበር» አሉ አማትየዋ። «ይቺ ልጅ የራሷን አልተናገረችም። ሳሉን አንቺ ነሽ ያገኘሽባት። አሁን ጠይቂያት።»

«እማማ፣ ይተዉ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አልተውም። በድስት ስሰማሽ ነው የኖርኩት፤ አሁን እያየሁሽ ነው።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ የምትሰፋውን እጅጌ አጥፋ ዘርግታ፣ መልሳ አጥፋ፣ «መውጣት እፈልጋለሁ» አለች።

«የት?»

«የትም። ሳልታመም መውጣት እፈልጋለሁ።»

ቱምቢ አንገቱን አዞረ። «እኔስ?» አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «እኔ መውጣት የማልፈልግ ይመስልሻል?»

«አውቃለሁ። አንተ ስላልወጣህ ነው እስከዛሬ ያላልኩት።»

ነርሷ ቶሎ ብላ የምታጽናና ሴት አይደለችም። «ይህ አንደኛ ይሁን» አለች። «በሽታ አይደለም ብላችሁ እንዳትዘሉት። እሷ ከወደቀች ይህ ቤት እንዳለ ነው የሚወድቀው። ደረጃውን ማፍረስ አልችልም፤ አንድ ሰው ለጥቂት ሰዓት እሷን እንዲተካ ማድረግ ግን ይቻላል። እህትዎን አነጋግራታለሁ።»

እህትየዋ መጀመሪያ ተቀየመች። «ወንድሜ ሸክም ሆነባት ማለት ነው?» አለች። ነርሷ ምን ብላ እንደመለሰችላት አይታወቅም፤ በር ዘግተው ነው የተነጋገሩት። በሳምንት ሁለት ጠዋት ልትመጣ ተስማማች። የወንድሟን ጀርባ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ከረጢቱን መቀየር ከልብስ ሰፊዋ ተማረች። በመጀመሪያው ጠዋት አጥባው ስትጨርስ እንደ ድሮው አላለቀሰችም፤ ወገቧን ይዛ ቁጭ አለችና «ይህን በየቀኑ?» አለች። በኋላ የልጅ ልጅ ሲወለድላት ሁለቱ ጠዋት አንድ ሆነ። እሱም አንዳንድ ሳምንት ይቀራል። ከጽሕፈት ቤቱ እስካሁን መልስ የለም። ቱምቢ ዛሬም ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ልብስ ሰፊዋም።

ያችን አንድ ጠዋት ግን ትወጣለች። ስትመለስ ቱምቢ ሁሉን ይጠይቃታል፤ የት ድረስ ሄደች፣ ምን እየተሠራ ነው፣ መሠረቱ ምን ያህል ተቆፍሯል፣ ብረቱ ቆሟል ወይ። እሷም አንሶላውን እያነጠፈች ትነግረዋለች፤ ያላየችውንም እየጨመረች፣ ዓይኑ ሲበራ ስታይ። ባለፈው ሳምንት ስለ አዲሱ ድልድይ ነገረችው፣ ስለ ሠራተኞቹ፣ ስለ ጠጠር ጫኝ መኪናዎቹ። አውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ አጠገብ ዛፍ ሥር ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣ እንደነበር፣ እዚያው እንቅልፍ ወስዷት እንደነበር ግን አልነገረችውም። «ሌላስ?» ሲላት፣ «ሌላ ምንም የለም» አለችና በትከሻው ይዛ ወደ ጎኑ አዞረችው።